ያልተቆረጠው ገመድ

መልህቁ አልነቀልም አለ። ኤሞሪ ማንሻውን ጨብጦ የመጎተቻውን ሞተር እስኪጮህ ቢያስገድደውም፣ የሽቦው ገመድ ተወጥሮ ከመንቀጥቀጥ በቀር አንድ ስንዝር አልመጣም።

«ምን ነካው?» አለ ሃስኬል፣ በመርከቧ ኋላ የሚሠራው ጓድ አለቃ።

«ጀርመኖቹ ባሕሩ ውስጥ ከተከሉት ብረት ጋር ተቆላልፏል አለቃ። አይለቅም።»

ኤሞሪ ካለ፣ አለ ነው። አሜሪካ፣ ሜይን ባሕር ዳር ከአባቱ ጋር ሎብስተር የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ማጥመጃ ሲጎትት ያደገ ሰው፣ ገመድን ከታች ምን እንደያዘው በእጁ ይለያል።

የመርከቧ ሥራ ወታደር ማራገፍ ነው። ወደ ዳርቻው ስትገባ መልህቋን ከኋላዋ ትጥላለች፤ እግረኛውን አራግፋ ስትጨርስ በዚያው ገመድ ራሷን ከአሸዋው ጎትታ ትወጣለች። ኢጣልያ ላይ፣ ሲሲሊም ሳሌርኖም እንዲሁ አድርጋ ወጥታለች። ዛሬም ኖርማንዲ ላይ ሁለት መቶውን አራግፋለች፤ ስንቱ ደረቅ መሬት እንደረገጠ እግዜር ይወቀው። የቀራት መውጣት ብቻ ነበር።

ከኮረብታው የተተኮሰው የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት አልፏቸው ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሁለተኛው አጠረ። ሦስተኛው የት እንደሚያርፍ ለመገመት መድፈኛ መሆን አያስፈልግም።

መጥረቢያው ከመጎተቻው አጠገብ ተሰቅሏል። ከበላዩ «ያለ አዛዡ ትእዛዝ ገመዱን መቁረጥ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከነፊርማው። ወረቀቱ የተጻፈው ለኤሞሪ ነው። ሚያዝያ ላይ፣ እንግሊዝ አገር ሲለማመዱ፣ መርከቧ ወደ ዓለት ስትገፋ አይቶ ማንንም ሳይጠይቅ ገመዱን ቆረጠው። መርከቧ ዳነች፣ መልህቁ ሰጥሞ ቀረ። ስለ መርከቧ አንድ ሰው እንኳ እግዜር ይስጥህ አላለውም፤ ስለ መልህቁ ግን ሰልፍ ፊት አቁመው ማዕረጉን ገፈፉት። ከዚያ ወዲህ ስሙ «መጥረቢያው» ሆኖ ቀረ።

ሃስኬል ስልኩን አንስቶ ጮኸ። «አዛዥ! አዛዥ፣ ይሰማል?» መስመሩ ተበጥሷል።

መካኒኩ ኦርቪል ከሞተር ክፍሉ ጉድጓድ በዘይት የጠቆረ ፊቱን ብቅ አደረገ። በዚያ የቅጣት ወር ኤሞሪን ያናገረው እሱ ብቻ ነበር፤ ሲጋራ እየደበቀ ያመጣለት የነበረውም እሱ።

«አንተ መጥረቢያው! እኔ ሞተሬ ሊፈነዳብኝ ነው፣ አንተ በገመድ ትጫወታለህ? ምንድን ነው የያዘን?»

«መልህቁ ነዋ!»

«ታዲያ ቁረጠዋ! በቃ፣ ለዛሬ እኔ ፈቅጄልሃለሁ!» እየሳቀ ወደ ታች ተመለሰ።

ኤሞሪ መጥረቢያውን ከተሰቀለበት አወረደ። ሃስኬል ክንዱን ያዘው።

«ተው አንተ ሰው! እኔንም ልታስገፍፈኝ ነው? ሮጬ ጠይቄ ልምጣ። እስክመለስ እንዳትነካው።»

ሃስኬል እየሮጠ ሄደ። ገመዱ እንዲያ ተወጥሮ አንድ ምት፣ ቢበዛ ሁለት፣ ይበቃው ነበር። ኤሞሪ መጥረቢያውን ከትከሻው በላይ አነሣ። ዓይኑ ፊርማው ላይ አረፈ። ያ ሰልፍ ትዝ አለው፤ ሰው ሁሉ የገዛ እግሩን እያየ፣ አዛዡ የማዕረጉን ክር ከእጅጌው ሲተረትርበት። መጥረቢያውን አወረደው።

ሃስኬል ከአዛዡ ማማ ሥር ብቅ ብሎ ሁለት እጁን ሲያርገበግብ አየው። አፉ ተከፍቷል፤ ድምፁ ግን አልደረሰም። ሦስተኛው ጥይት የሞተር ክፍሉን በርቅሶ ገባ።

መርከቧ ስትሰጥም ኤሞሪን ከውኃው ያወጣችው የሌላ መርከብ ጀልባ ናት። አዛዡ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ከጆሮው ደም እየወረደ፣ እዚያው ተቀምጧል። ሃስኬል አልነበረም። ከሞተር ክፍሉ የወጣ አንድም ሰው አልነበረም። አዛዡ ኤሞሪን ሲያየው ጠጋ ብሎ ጠየቀው።

«ለምን አልቆረጥከውም?»

ኤሞሪ የሰማውን ማመን አቃተው።

«ያኔ ማንን ጠየቅህ? ዛሬ ምን ነካህ ልጄ?»

ለቁጣ አይደለም የጠየቀው፤ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው። ኤሞሪ ሊያንቀው ፈለገ። ከዚያ የገዛ እጁን አየና አስጠላው።

ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ማዕበሉ የሌሎቹን መርከቦች ስብርባሪ ጠራርጎ ወደ ምሥራቅ ይወስዳል። የእነሱ መርከብ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ከውኃው በላይ የቀረው ኋላዋ ብቻ ነው፤ ከእሱ ላይ የሽቦው ገመድ አንድ ክር ሳይጎድልበት፣ እንደተወጠረ፣ ወደ መልህቁ ይወርዳል።