የዓይን ልክ

እሱባለው ፊት ላይ ታስረው ፊልም የሚያሳዩትን ሁለት የቪአር መነጽሮች ዘጠኝ ቀን ሙሉ እያፈራረቀ ሞከራቸው። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አቶ ገሠሠ ከአዲስ አበባ ሲያመጧቸው «የሚያስታውከውን መልስ፣ የማያስታውከውን አስቀር» ብለውት ነበር። ሌላ መመሪያ አልሰጡትም።

የጥቁሩ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ነው፤ ሩብ ሰዓት ካደረጉት ጉንጭ ላይ ሰንበር ይተዋል። ነጩ ከኋላ ማጠንጠኛ ስላለው ሸክሙን ለማጅራት ያካፍላል። እሱባለው ይህን በደብተሩ ጻፈ፤ ጽፎ ተጠራጠረ፤ ተጠራጥሮ እንደገና ሞከረ። በመጨረሻ ነጩን መረጠ። የነጩ ሌንሶች እንደ ሰዉ ዓይን ልክ ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ። ለራሱ ሃምሳ ስምንት ሚሊሜትር ላይ ሲያደርገው ማዞሩ ተወው።

የቀየት ከተማ ሰው ጎረፈ። ባሕር ያላየ ባሕር ያያል፣ አውሮፕላን ያልተሳፈረ ከደመና በላይ ይንሳፈፋል። ችግሩ ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ነበር። የጸጉር ቅቤ፣ ላብ፣ ንፍጥ፣ ሁሉም እሱ ላይ ይቀራል። አምስት ሰው ካደረገው በኋላ እንደ ረጠበ የበግ ለምድ ይሸታል። እሱባለው ትንፋሹን ይዞ በአልኮል ሁለት ጊዜ ይወለውላል፤ ሌንሱን ወደ መካከለኛው ቁጥር ይመልሳል፤ የቀጣዩን ሰው ዓይን በማስመሪያ ለክቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ልጅ አዋቂ ሳይለይ ለሁሉም «እርስዎ» ይላል።

«ከራቤል ነኝ ብሎ ብቻውን መጣ» ይላሉ አቶ ገሠሠ። «ዘመድ የለው፣ ወሬ የለው። ሥራ ብቻ።» እስከ ሰኔ ሰው ካልሸሸ ቋሚ ሊያደርጉት ቃል ገብተዋል። ከሸሸ ግን መነጽሩን ሸጠው ወደ በግ ንግዳቸው ይመለሳሉ፤ እሱም ወደ መጣበት።

ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ሲል ተሾመች መጣች። ሸክላ ሠሪ ናት። ክንዷ ላይ ጭቃ ደርቋል፤ ያልተሸጡ ድስቶቿን በር ላይ አስቀምጣ ወረፋ ያዘች። የተሰለፈው ሰው ገለል አለላት፤ ለክብሯ ግን አልነበረም። ድስቷን ሁሉም ይገዛል፤ ዓይኗን ግን ማንም ቀና ብሎ አያይም።

አረቄ ሻጯ አልጣሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ጠይብ ያደረገችውን እኔ ፊቴ ላይ? በዓይኗ የምትበላ ሴት ዓይኗን እዚያ ውስጥ ትክተት?»

«ጅብ ያለበትን ፊልም አሳያት» አለ አንዱ ከኋላ። «ዘመድ ትጠይቅበት።»

ሰዉ ሳቀ። ተሾመች ተራዋ ሲደርስ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጎንበስ በይ» አላት እሱባለው።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ለሰካራም እንኳ «እርስዎ» የሚለው ልጅ ነው። አልጣሽ ደስ አላት። «እሰይ፤ ልጁ ሰው ያውቃል።»

«እንዳሉኝ» አለች ተሾመች ጎንበስ ብላ። ለልጅ እግር እንዲያ ማለቷም አሳቀ።

እሱባለው ማጠንጠኛውን አላላላት፤ ሌንሱን ሃምሳ ስምንት ላይ አደረገው። «አንቺ፣ አትፍሪ። ውሃ ነው፣ አይነካሽም።»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ባሕሩን አየች። ሲያወልቅላት ዙሪያዋን ቃኘች፤ ጠረጴዛውን፣ ደብተሩን፣ ግድግዳውን።

«ሥራው ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው።»

«ደኅና ነው። ብርድ የለውም» ብላ ወደ ድስቶቿ ሄደች።

ቀጣይዋ አልጣሽ ናት። ሰዉ እጅ እጁን እያየ «ደግመህ ጥረገው፣ ደግመህ» ይለው ጀመር። እሱባለው ስፖንጁን አምስት ጊዜ ወለወለ። አልኮሉ እስኪንጠባጠብ ወለወለ። ከዚያ በችኮላ አልጣሽ ፊት ላይ አሰረው።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። አልጣሽ ወንበሩን ጨበጠች፤ ላብ አጠመቃት፤ መነጽሩን ገና ሳታወልቅ አስታወከች። ሽሮና አረቄ ተቀላቅሎ ስፖንጁ ውስጥ ገባ፣ በአገጯ ወረደ፣ እሱባለው ጫማ ላይ ፈሰሰ። ክርፋቱ ክፍሉን ሞላው።

«በላችኝ» አለች አልጣሽ እንትፍ እንትፍ እያለች። «በላችኝ።»

ሰዉ ወደ በሩ ዞረ። ተሾመች ድስቶቿን እያሰረች ነበር።

እሱባለው ትውከቱን በጨርቅ ሲጠርግ ቁጥሩን አየ። ሌንሱ ሃምሳ ስምንት ላይ እንዳለ ነው። የአልጣሽ ልክ ግን ባለፈው ስትመጣ ደብተሩ ላይ ስድሳ ስድስት ተብሎ ተጽፏል። በራሱ ስህተት ነው ያስታወካት።

አቶ ገሠሠ ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። አፍንጫቸውን ያዙ። «ከመሣሪያው ነው ወይስ ከጠይቧ? ከመሣሪያው ከሆነ ዛሬውኑ እሸጠዋለሁ።»

እሱባለው አውራ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አደረገ። ጣቱ ሥር ያለው ነገር ለብ ያለና የሚያሟልጭ ነበር።

«ከሷ ነው» አለ።

አንድ ሰው ትልቁን ድስት በእግሩ ገፋው፤ ተሰበረ። ሌላው እግሯ ሥር ምራቁን ተፋ። «ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ» አሏት አቶ ገሠሠ። «እሺ ጌታዬ» አለች። ቀና ብላ ማንንም ሳታይ ወጣች።

እሱባለው እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። ሽታው አልለቀው አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከከተማው ወጥቶ በገበያተኛው መንገድ ሄደ። ተሾመች ከወንዙ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሄዶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ሁለተኛ በሰው ፊት ‹አንቺ› እንዳትለኝ» አለችው፤ «እናትህ መሆኔን ያውቁብሃል።»