የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት

"አባባ፣ ሁሉም ሲነሳ ትነሳለህ፣ ኦኬ? ስኩል ላይ ፕራክቲስ አድርገናል። ሄድ ዳውን፣ ከዛ ኖ ቶኪንግ።" የስድስት ዓመቷ ናሆሚ አያቷን እንዲህ አዝዛ፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀሚሷን ሰብስባ ግጥም ወደምታቀርብበት መድረክ ሮጠች።

መኳንንት ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ በሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። የኤርትራ የነጻነት በዓል ነው። በሚኖሩበት የፈረንጅ ከተማ፣ ራንድል የሚባለው ሰፈር ያለው አዳራሽ በባንዲራ አጊጧል፤ ሰው እየተቃቀፈ እንኳን አደረሰህ ይባባላል። እሱን ማን እንኳን አደረሰህ ይበለው? ይሄ ነጻነት እንዳይመጣ ምጽዋ ላይ ሲታኮስ የነበረ የኢትዮጵያ ሃምሳ አለቃ ነው። በሥሩ ከነበሩት አሥራ ሁለት ልጆች አንድም አልተመለሰም። እሱ ጉልበቱ ውስጥ ፍንጣሪ ይዞ ተረፈ፣ መትረፍ ከተባለ።

ይህን ቀን ሰላሳ ምናምን ዓመት በሩቁ ሲሸሸው ኖሯል። ምን ያደርጋል፣ ልጁ ውዳሴ ሩቤንን አገባች። የሩቤን አባት ጋሽ ኪራኮስ ደግሞ በዚያው ምጽዋ፣ ከወዲያኛው ወገን የነበሩ ታጋይ ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በተገናኙ ቁጥር ስለ በረዶና ስለ ቤንዚን ዋጋ አውርተው ይለያያሉ።

"አባዬ፣ ፕሊስ" አለች ውዳሴ፣ አጠገቡ ተቀምጣ ጣቶቿን እያፍተለተለች። "የሩቤን ፋሚሊ ሁሉ እያየ ነው። ለናሆሚ ስትል ተነስ።"

"መጣሁልሽ አይደል? ለነሱ ሰማዕታት መነሳት ግን አልችልም። እነዛን ልጆች ምን እላቸዋለሁ?"

"የትኞቹን ልጆች?"

ነግሯት አያውቅም። መድረክ መሪው ለሰማዕታት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ሲል አዳራሹ ብድግ አለ።

እሱ ብቻ ቀረ። ከፊቱ ያለው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። በሁለት ሰዎች ትከሻ መሃል ናሆሚን አያት። ሌሎቹ ልጆች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ እሷ ግን በእግሯ ጣት ቆማ ትፈልገዋለች። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። አንጀቱ አልቻለም። የፊቱን ወንበር ተደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ተነሳ። አየችው፤ ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች።

ከቆመ ወዲያ ግን ዝም ብሎ መቆም አቃተው። ልጆቹን በልቡ ይጠራ ጀመር። ከፋለኝ። ሁንዴ። መኳንንት ደብዳቤ ይጽፍለት የነበረው ያ የጎፋው ጴጥሮስ። እያንዳንዳቸውን መልካቸው እስኪመጣለት ይጠብቃል። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ "እናመሰግናለን" ተባለ፤ ሰው ሁሉ ተቀመጠ።

መኳንንት አልተቀመጠም።

ውዳሴ ጃኬቱን ጎተተችው። "አባዬ፣ አለቀ እኮ። ሲት ዳውን።"

"አምስት ይቀሩኛል።"

ሰው እየዞረ ያየው ጀመር። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ከፊተኛው ረድፍ ጋሽ ኪራኮስ ዞረው አዩት፤ ቶሎም ፊታቸውን አልመለሱም። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር ከዚያ ርቀት አይለይም። መኳንንት ስምንተኛውን ጠራ።

ናሆሚ ግጥሟን ልትጀምር ማይኩን አፏ ጋ አድርሳ ነበር። አያቷ እንደቆመ ነው። ማይኩን ቀስ ብላ አወረደችና አንገቷን እንደገና ደፋች።