ማን አሸነፈኝና ልነሳ?

«ተነስ በቃ!» ይላል አንዱ ከኋላ። «እዚህ ሌላ ሰው የለም እንዴ?»

«ማን አሸነፈኝና ልነሳ?» ይላል ሞቱማ። ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም።

ወረፋው ይስቃል፤ ግን መሰልቸቱ ያስታውቃል። ከአብነት ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚህች ጌም ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ ግድግዳው ላይ በማርከር ተጽፏል፦ የተሸነፈ ይነሳል። በአራቱ ቴሌቪዥኖች ኳስ የሚጫወቱት ይሸናነፋሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይነሳሉ። ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠውን ግን የሚያሸንፈው የለም። ሞቱማ ከተቀመጠ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው።

ቢልቂስ ከጀርባው ቆማለች። ጨዋታውን የሠራችው እሷ ናት፤ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል።

ጨዋታው ክፍል ከክፍል የተያያዘበት፣ መውጫው የጠፋ ቤት ነው። ተጫዋቹ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ከእነዚህ ሌላ አንድ መንገድ አለ፤ ከስድስቱ አንዱም ያልሆነ፣ ሰው በእግሩ ሄዶበት የማያውቅ። ስም ስላልነበረው ሁለቱን ጫፎቹን «ወዲህ» እና «ወዲያ» አለቻቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቁልፍ ሰጠቻቸው። ወዲያ ሲኬድ ግድግዳው ሰማያዊ እየሆነ፣ ወዲህ ሲኬድ እየቀላ ይመጣል።

እዚህ ኮምፒውተር ላይ ከጫነችው ወዲህ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ብዙ ሰው ሞክሮታል። ሁሉም በኳሱ ጨዋታ እንደለመዱት ቁልፎቹን እየቀጠቀጡ ይሮጣሉ፤ ቀለሙ ይለዋወጣል፤ ሰልችቷቸው ተሳድበው ይሄዳሉ። እያወቀ ወዲያ የሄደ ከእሷ በቀር አንድም ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ቦታው ከጭንቅላቷ ውጭ መኖሩንም ትጠራጠራለች።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ጃፋር የተበላሸ ጆይስቲክ በእጁ እንደያዘ ይመጣል።

«ቢልቂስ፣ ልጄ፣ ስንቴ ልንገርሽ? ሰዓት አስገቢበት። አምስት ደቂቃ ይጫወት፣ ከዚያ ይሙት።»

«አይሞትም» ትላለች። ድምጿ ለራሷም በደንብ አይሰማትም።

«ምን አልሽ?»

«በእኔ ጨዋታ ሰው አይሞትም አልኩ።»

«እሺ፣ አውሬ ይከተለው! የሆነ ነገር ይብላው! የማይሸነፉበት ጨዋታ ምን ጨዋታ ነው? ወረፋዬን አቆምሽው እኮ።» ወረፋው ያጨበጭባል። «ወይ የሚገድል ነገር ታስገቢያለሽ፣ ወይ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። በፍላሽሽ ይዘሽው ሂጂ።»

«መውጫውን ንገሪውና ይገላግለን!» ይላል ያው የቅድሙ ድምፅ።

ሞቱማ አሁን ያለው በር የሌለው ክፍል ውስጥ ነው። አራቱ ግድግዳ፣ ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ሁሉም ድፍን። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚቀረው፤ የትኛው እንደሆነ ቢልቂስ ታውቃለች። ብትነግረው ጣቱ ይሄዳል፤ እሱ ግን እዚያው ይቀራል።

«አልነግረውም» ትላለች።

ሞቱማ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለ አንድ ብረታ ብረት ቤት የብረት በር ሲበይድ ነው የሚውለው። የሸሚዙን እጅጌ ፍንጣሪ በሳስቶታል። በጨዋታው ውስጥ የክፍሉን ጥጎች አንድ በአንድ ዳሷል፤ ከጣሪያው ጋር ሦስት ጊዜ ተላትሟል።

«በር የሌለው ቤት የሚሠራ ሰው አለ?» ይላል።

«በገባህበት ውጣ!» ይላል ከወረፋው አንዱ።

«በየት እንደገባሁ ባውቅማ!»

ጋሽ ጃፋር ትንፋሹን በኃይል ያስወጣና ወደ ሶኬቱ ይራመዳል። ቢልቂስ ትቀድመዋለች። ጀርባዋን ሶኬቱ ላይ አስደግፋ ትቆማለች። በዚህ ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም።

«ዞር በይ፣ ልጄ።»

«አልዞርም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ጃፋር። የተሸነፈ ይነሳል ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። አልተሸነፈም።»

«አራዳ!» ይላል አንዱ። የሚስቅ ግን የለም። ከውጭ የታክሲ ረዳት «አብነት! አንድ ሰው፣ አብነት!» ሲል ይሰማል። ጋሽ ጃፋር ቆሟል፤ ሊገፋት አይችልም፣ ሊመለስም አይፈልግም።

ሞቱማ ይህን ሁሉ አልሰማም። ሁለቱንም እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አሳርፏል። ድፍኑን ክፍል ያየዋል። ብዙ ያየዋል። ከዚያ አንድ ጣቱን ብቻ ያነሳና «ወዲያ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። አይቀጠቅጠውም፤ ተጭኖ ይይዘዋል።

ግድግዳዎቹ ውሃ ውስጥ እንደሚነከር ጨርቅ ከጠርዛቸው ጀምረው ሰማያዊ ይሆናሉ። ጣሪያው ይሳሳል፤ ወለሉም። ቀለሙ ሲጠልቅ ክፍሉ የለም። ሞቱማ ሰፊ ኮሪደር ውስጥ ቆሟል።

ወረፋው ወደ ስክሪኑ ይጠጋል።

ወደ መውጫው ይሮጣል ብላ ትጠብቃለች። አይሮጥም። «ወዲህ» የሚለውን ይጫናል፤ ክፍሉ እንደ ድፍንነቱ ይመለሳል። «ወዲያ»፤ ይጠፋል። እንደገና ይገባል፤ እንደገና ይወጣል።

«አልተከፈተም» ይላል ቀስ ብሎ። «ምንም የተከፈተ ነገር የለም። ግን ወጣሁ።»

ጋሽ ጃፋር ሶኬቱን ረስቶ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሏል። «በየት በኩል?»

ሞቱማ ሊያሳየው ዞር ብሎ እጁን ያነሳል። ወደ ቀኝ ሊጠቁም ይልና ይተወዋል። ወደ ላይ ትንሽ ያደርገዋል፤ እሱም አይደለም። እጁ አየር ላይ ይቆማል፤ ጣቶቹ ተከፍተዋል። ሰው ሁሉ ጣቶቹን ያያል። ቢልቂስም ታያለች፤ አታግዘውም። ሞቱማ እጁን አያወርደውም።