የሣር ማጨጃው ምርመራ

ሐዋሳ ሣር ካጣች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ሆኖም በሕጉ መሠረት ውሃ የሚታደለው ተቀምጠው የሚነዱትን የሣር ማጨጃ በንጽሕና ለያዙ ቤተሰቦች ብቻ ነው። አቶ ልሳነወርቅም በየሳምንቱ ቁልፉን ነቅለው፣ ጓንት አጥልቀው ስለቱን ያጥባሉ።

“ይቺ የብረት ሙሽራህ ገላዋን ስትታጠብ እኛ ፊታችንን በእርጥብ ጨርቅ እናብስ?” ትላቸዋለች ባለቤታቸው ውድነሽ።

በምርመራው ቀን መርማሪው ተንበርክኮ ከማሽኑ ሥር ተመለከተ። እጣቢው በሚንጠባጠብበት ስፍራ አንዲት ለምለም ሣር በቅላለች።

“ይህ ቆሻሻ ነው፣ ጌታዬ። ወይ ትነቀል፣ ወይ ውሃው ይቋረጥ።”

አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ሰደዱ።

“ቆይ!” አለች ውድነሽ፣ እጃቸውን ይዛ። “ልጆቹ ይዩዋት።”

ልጆቹ ሣሯን ከበቧት። ታናሺቱ ወደ ኋላ አፈግፍጋ፣ “ትናከሳለች?” አለች።

“አይ፣ ልጄ” አሉ አባቷ፤ ነቀሏትም።

መርማሪው “እንከን የለሽ” ብሎ ፈረመ።