የድምፅ አልባው ፊልም አስተርጓሚ

"ዶክተር፣ ኧረ ይነሱ! ሕዝቡ እየጠበቀ ነው" ይለዋል የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ማይክሮፎኑን አፍንጫው ሥር ደቅኖ።

ሶሲዮሎጂስቱ ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛ ረድፍ፣ መሀል ለመሀል ተቀምጧል፤ ትኬቱንም እንደ ሰው ተሰልፎ ነው የቆረጠው።

"ወንድሜ፣ ፊልሙ እኮ ድምፅ የለውም። አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ምኑን ልተርጉመው?"

"እሱ አይደል ጣጣው! የግራዎቹ 'ዝም የሚሉት በማን ቋንቋ ነው?' ብለው ሊወጡ ነው። የቀኞቹ ሰምተዋል። ሰገነት ላይ ያሉት ደግሞ ተነስተው ቆመዋል።"

ጥፋቱ የራሱ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ በዚህች ሦስት ቋንቋ በሚነገርባት የድንበር ከተማ፣ ሹማምንቱ በየስብሰባው ለየትኛው ቋንቋ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጡ ለክቶ መጽሐፍ አሳተመ። ሹማምንቱ መጽሐፉን አልገለጡትም፤ ሕዝቡ ግን ሰዓት ገዛ። ከዚያ ወዲህ እሱ ከንፈሩን ባላቀቀ ቁጥር ደቂቃውን ሊቆጥር ክንድ ሁሉ ይታጠፋል። ለቅሶ ሲደርስ እንኳ ሦስቴ ነው የሚያጽናናው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ለሕዝቡ ጀርባውን ለሸራው ሰጥቶ፣ የመጣውን ፊልም ለግራዎቹ፣ ለቀኞቹና ለሰገነቱ በየቋንቋቸው ይተረጉማል። ተዋንያኑን በድምፃቸው ያውቃቸዋል፤ መልካቸውን አያውቅም። ይህን ድምፅ አልባ ፊልም ሆን ብሎ ነው ያስመጣው። በተማሪነቱ ሲያየው፣ ድልድይ ላይ ባሏን የምትጠብቀው ሴት ከወዲያ ጫፍ የሰው ጥላ እንዳየች መብራት ጠፋ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ጥላ ከሆዱ አልወጣም። ፊልሙ ነገ ይመለሳል።

"በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት" እያለ ይነሳል።

አዳራሹ ይጨልማል። እሱ ያስታወሰውን ይናገራል፤ "ሴትየዋ ፀጉሯን ትሠራለች" ለግራዎቹ፣ ለቀኞቹ፣ ለሰገነቱ። አንገቱን ሰረቅ አድርጎ ወደ ሸራው ሲያዞር አንዱ ከኋላ ይጮኻል፦

"ዶክተር፣ ምነው ፊት ነሱን!"

ይመለሳል። ያኔ ነው የሚያያት። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት አሮጊት መነጽር ላይ፣ ምስር በምታክል ብርሃን ውስጥ፣ ድልድዩ አለ። ሴትየዋም አለች! ዓይኑ ከአሮጊቷ መነጽር ሳይነቀል፣ አፉ ብቻውን ሦስት ቦታ እየተካፈለ፣ ፊልሙን ያያል።

"ከወዲያ ጫፍ ጥላ ይታያል" ይላል ሦስቴ። ጥላው ይቀርባል። ሴትየዋ እጇን ታነሳለች።

አሮጊቷ እንባቸው ይመጣል። መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ ያኖሩታል።

ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከላይም አፍንጫ ይሳባል። አዳራሹ በሙሉ ከጀርባው ያለውን ያያል። እሱ ወደ አሮጊቷ ጎንበስ ይላል፤ አንዲት ቃል ብቻ ናት፣ "መጣ?"

ከንፈሩን ያላቅቃል።

በጨለማው ውስጥ ክንድ ሁሉ ይታጠፋል።