የስሜን ተራራው ጉርሻ

ጓደኞቼ ቀናት የሚፈጀውን የስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ሲመርጡ፣ «እኔ ብርድ አልችልም፤ ስትመለሺ ትዝታሽን ታካፍይኛለሽ» አልኳት ሶልያናን። ትዝታ ከጭንቅላት ወደ ጭንቅላት በሚተላለፍበት ዘመን ማን እግሩን ያቆስላል? ባሌ ናሁሰናይ ግን አብሯቸው ሄደ።

ትናንት ትዝታዋን ተቀበልኩ። ገደሉን አየሁ፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን አየሁ። ከዚያ ናሁሰናይ እሳቱ ዳር ጠቅልሎ አጎረሰኝ። አጎረሳት ማለቴ ነው። ጣቱንም ከንፈሯ ላይ አቆየው። ይህን ቆርጣ ማስቀረት ረስታለች፤ ወይም አልረሳችም።

ዛሬ ምሳ ላይ «እስቲ አንዴ አጉርሰኝ» አልኩት።

«ምን ነካሽ? እኔ ደግሞ ማጉረስ መቼ እወዳለሁ?» ብሎ ሳቀ።

እኔን አጉርሶኝ አያውቅም። የእጁን ጣዕም የማውቀው በሶልያና አፍ ነው።