ቀይ ክር የታሰረው ማዳበሪያ

አብዱልመሊክ ማዳበሪያውን በሁለት ጆሮው ይዞ ከአልጋው ስር ይጎትታል። በሽርጥና በካናቴራ ነው፤ የሮቢት ሙቀት ገና በረፋዱ ጀርባውን አርሶታል። ሚስቱ ራህመት ጎረቤታቸው ሐምዲያ ዘንድ ቀሚስ ልትለካ ወጥታለች። ሳትመለስ መጨረስ አለበት።

በር ላይ ልዋጩ ተመስገን ይጠብቃል። አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጥ፣ ከጀውሃ እስከ ሮቢት የማያንኳኳው በር የሌለ ሰው ነው።

“ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ ሁሉ?”

“ጨርቅ ነዋ! እዚህ ቤት ከጨርቅ በቀር ምን አለ?”

ራህመት ልብስ ሰፊ ናት። የተረፈውን ቁራጭ ሁሉ ትሰበስብና እየገጣጠመች የአልጋ ልብስ ትሠራለች። አንድ የአልጋ ልብስ ባለቀ ቁጥር ግን ጨርቁ ይቀንሳል ብሎ ያሰበ ተሞኝቷል። ያልጋው ስር ሞላ፣ የሶፋው ኋላ ሞላ፤ በቀደም እንኳ አብዱልመሊክ ሽሮ ሊያወጣ ቆርቆሮ ቢከፍት ባለአበባ ፖፕሊን ወጣለት። ዛሬ ቆርጧል። ከዚያ ሁሉ አንድ ማዳበሪያ ቢጎድል አታውቅም ብሎ ነው።

ተመስገን በማዳበሪያው ጎን ቀዳዳ እጁን ሰደድ አድርጎ ይዳብስና፣ ያለወትሮው ሳይከራከር ትልቁን ሰማያዊ ሳፋ ያነሳለታል።

ራህመት ሜትሯን በአንገቷ እንዳንጠለጠለች ስትገባ ሳፋው መሀል ቤት ተቀምጧል።

“ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?”

“ላንቺ ነው። ስጦታ።”

ባሏን ታውቀዋለች። ሳፋውን ትታ ጎንበስ ብላ ያልጋውን ስር ታያለች።

“የሩዋይዳ አባት፣ የቱን ነው የሰጠኸው?”

“አንዱን ነዋ። ያንን ቀይ ክር የታሰረውን።”

አብዱልመሊክ ለቁጣ ተዘጋጅቶ አንገቱን ይሰብራል። ቁጣው ግን አይመጣም። ራህመት አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

“እስኪ ቁም ሳጥኑን ክፈተው።”

የዘወትር ልብሱ የሚሰቀለው ሚስማር ላይ ስለሆነ ቁም ሳጥኑን ከዒድ ወዲህ አልነካውም። ሲከፍተው ኮቱ የለም፤ ጀለቢያው የለም። ከላይ እስከ ታች የተደረደረው ጨርቅ ነው።

“ልብሴስ?”

“ደህና ደህናውን ጨርቅ ብል ሊበላብኝ ሲሆን እዚህ ገባ። ያንተ የክት ልብስ ቦታ ሲያጣ ማዳበሪያ ውስጥ አደረግኩት። እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው እኮ ቀይ ክር ያሰርኩበት!”

አብዱልመሊክ ክው ይላል። ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ለወንድሙ ልጅ ለጁነይድ ሽማግሌ ሆኖ ጀውሃ ይሄዳል። ባጃጁ ተነግሮታል። የልጅቷ አባት ደጅ በካናቴራ ሊቆም ነው?

“ያ ረቢ! እንኳን ልጃቸውን ዶሯቸውን አይሰጡንም!”

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ትልና ራህመት ሳፋውን ትታቀፋለች። “እኔ አመጣዋለሁ። አንተ እንዲህ ሆነህ መንገድ ላይ አትታይ።”

ብቻውን ይቀራል፤ ከቁም ሳጥኑ ጋር። የሚሠራው ስለሌለ ያያል። ቀዩ ከቀይ ጋር ነው፤ ከሱ በታች ብርቱካንማው፣ ከዚያ ቢጫው፣ ከዚያ ቡናማው፣ እጥፉ ሁሉ እኩል። ይሄ ሐምዲያ የተዳረችበት ነው። ይሄ ልጁ ሩዋይዳ በመጀመሪያው ዒዷ የለበሰችው። የሰፈር እናቶች የልጅ ልብስ ሲቀደድባቸው “ራህመት፣ ከዚያ ጨርቅ ቀርቶሽ ይሆን?” እያሉ ይመጣሉ፤ ሳታገኝላቸው ቀርታ አያውቅም። እሱ ለወሬ የሚመጡ ይመስለው ነበር። ከታች፣ ከግራጫዎቹ መሀል ደግሞ ባለመስመር ሸሚዙን ያገኛል። ሰንበቴ ገበያ ራህመትን መጀመሪያ ያያት ቀን የለበሰው፣ ድሮ ተቀዶ የተጣለ የመሰለው ሸሚዝ ነው። ደስ ይለዋል፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ያናድደዋል።

ራህመት እያለከለከች ትመለሳለች። ተመስገን ማዳበሪያውን ተሸክሞ ከኋላዋ ነው።

“ጋሼ፣ አይቀየሙኝ” ይላል ተመስገን። “እትዬ ራህመት ከኔ ጨርቅ ይወስዳሉ እንጂ ሰጥተውኝ አያውቁም። ከዚህ ቤት ማዳበሪያ ሲወጣ እኔም ገርሞኝ ነበር።”

“ይወስዳሉ?”

ራህመት ጣሪያውን ታያለች። ከነጠላዋ ስር የእርድ ቀለም ያለው ጨርቅ ጫፉ ወጥቷል።

“ይሄስ በምን መጣ? ሳፋው ለማዳበሪያው ተመልሶ የለ?”

“በር ላይ በነበረችው፣ ሶሏ በተከፈተችው ጫማህ። ወላሂ፣ አንተም አትፈልጋትም።”

ውጭ ባጃጁ ይጮኻል። አብዱልመሊክ ስለ ጫማው ለመከራከር ጊዜ የለውም። ጀለቢያውን ያጠልቃል፣ ኮቱን ይደርባል፤ የታጠፈበት መስመር ደረቱ ላይ ተጋድሟል። ራህመት ኮሌታውን እያቃናች፣ “አላህ ያሳካላችሁ” ትለዋለች፤ አዲሱን ጨርቅ ቀዮቹ ላይ ጣል አድርጋ እስከ በር ትሸኘዋለች።

ባጃጁ ውስጥ አንድ እግሩን ካስገባ በኋላ ይመለሳል።

“ምነው፣ ኮፍያህን ረሳህ?”

በአጠገቧ አልፎ ይገባና ቁም ሳጥኑን ይከፍታል።

“ይሄ ከቀይ ጋር ምን ያደርጋል?” ይላል። “ቦታው ከቢጫው በታች ነው።”

ባጃጁ ደግሞ ይጮኻል። የዕለቱ ሽማግሌ ግን ጭንቅላቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አግብቶ፣ የእርዱን ጨርቅ እጥፍ ከቡናማው ጋር እኩል ለማድረግ ይታገላል።